ፈትሼ ተረክቤያለሁ

ጥቅምት 4

ለወንድሜ ለባለሰርቨሩ፣

እንደምን ከርመሃል? እናትህ፣ ሥራህ፣ ያ በየደብዳቤው የምትረግመው ማቀዝቀዣ፣ ሁሉም ደኅና ነው? እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

አይ፣ አልታመምኩም። የታመመው ቴፑ ነው። የሚያሽከረክረው ላስቲክ ላላና ሴቶቼ ሁሉ በወፍራም ድምፅ ማውራት ጀመሩ፤ አንዷማ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ተቆጣችኝ። መለዋወጫው ከገበያ ከጠፋ ዓመታት ስላለፉ ብስክሌት ጠጋኙ ጋ ሄድኩ። ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቀጭን ቀለበት ቆርጦ ሰጠኝ። «ለምንድነው?» ሲለኝ «ለሙዚየሙ» አልኩት። «እንግዲያማ አሮጌ መሆኑ ደግ ነው» አለኝ።

ለምን እንደማልፈጥንም ጠይቀሃል። አንተ ሰው፣ የዘጠና ደቂቃ ካሴት ወደ ኮምፒውተር የሚገለበጠው በዘጠና ደቂቃ ነው። ሰው ሲያወራ «ቶሎ በይ» አይባልም። ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እስከ መጨረሻው እሰማለሁ። በሳምንት ሦስት ካሴት ከሄደልኝ ተመስገን ነው፤ የቀረው ጊዜዬ ጎብኚ ማስተናገድ፣ አቧራ መጥረግና ለማዘጋጃ ቤቱ ሪፖርት መጻፍ ነው። ካሴቶቹም አርጅተዋል። ክራቸው ቡናማ ዱቄት ያራግፋል፤ ብዙዎቹ አንዴ ከተጫወቱ ሁለተኛ አይናገሩም።

አዲሷ ዳይሬክተራችሁ ስለ ሴቶቹ ማንነት ላነሣችው ጥያቄ እንዲህ በላት። የክር ፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው። ፋብሪካው በተዘጋ ጊዜ እኔ ገና ወጣት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ትልቅ ቴፕ አንግቼ ከቤት ቤት እየዞርኩ ነው የቀዳኋቸው። ሙዚየማችን ራሱ የፋብሪካው ክሊኒክ የነበረው ቤት ነው። መርፌ የተወጉበት ክፍል ውስጥ አሁን ድምፃቸው ይገለበጣል።

ይኸው አሥራ አንደኛው ዲስክ። እንደተለመደው ቅጹን ፈርመህ ላክልኝ። አንተ «ፈትሼ ተረክቤያለሁ» ብለህ ስትፈርም የዚያ ሣጥን ካሴቶች ይወገዳሉ፤ ሻግተዋል፣ ማዘጋጃ ቤቱም ክፍሉን ለወረቀትና ለቀለም ማስቀመጫ ፈልጎታል። ስልሳ ካሴት ይቀረኛል። ሰኔ መጨረሻ ጡረታ ስለምወጣ እሱን ሳልጨርስ መሄድ አልፈልግም።

እህትህ፣
የሙዚየሙ ሴትዮ


ጥቅምት 20

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዲስኩ በአውቶቡስ በሰላም ደርሷል። የተፈረመው ቅጽ አብሮ አለ። ሣጥኑን እንዴት አድርገው እንደሚያሽጉት አይቼ ሁልጊዜ እገረማለሁ። በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፍዎ ስማቸውን ደርድረው፣ ማዕዘኑን በጨርቅ ጠቅልለው፤ ለመክፈት ያሳሳል።

ላስቲኩን ለዳይሬክተሯ ነገርኳት፤ ስትስቅ ያየኋት የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ስለ አራቱ ቤቶች ስምምነት ለጠየቁኝ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ጥሩ ወሬ የለም። ያኔ ሥልጠናው ላይ ስንገናኝ የተፈረመው ውል እንደሚያስታውሱት ቀላል ነበር፤ እኛ ቤተ መጻሕፍቱ የእርስዎን ሙዚየም ቅጂ እንይዛለን፣ ሬዲዮ ጣቢያው የኛን፣ ቴአትር ቤቱ የሬዲዮውን፣ የእርስዎ ሙዚየም የቴአትር ቤቱን። አንዱ ቤት ቢቃጠል ወይም ውኃ ቢገባው ሌላው አለለት። አሁን ግን የሬዲዮው ቴክኒሻን ለቆ ሄዷል፤ የተተካው ሰው ከማሽኑ ጋር ገና አልተዋወቀም። የኛ ዳይሬክተርም «የሰው ዕቃ የምንጠብቀው እስከ መቼ ነው?» ትላለች። ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ ቦታ የለንም። ጥር ላይ አራቱም ቤቶች ተሰብስበው ይቀጥል ወይስ ይፍረስ ብለው ይወስናሉ። እኔ የምከራከረው በእርስዎ ሥራ ነው። አሥራ አንድ ወር፣ አሥራ አንድ ዲስክ፣ አንድ ቀን ያልተጓደለ። ከሌሎቹ ቤቶች ማንም እንዲህ አላደረገም።

ዕድሜዬን ጠይቀዋል። ሠላሳ አራት። ለተከታዩ ጥያቄዎ መልሱ «ገና ነው»፤ እናቴ እንዳትሰማ እንጂ አሁን ሌት ተቀን የማስበው ስለ ማቀዝቀዣው ነው።

አክባሪዎ፣
ባለሰርቨሩ


ኅዳር 8

ለባለሰርቨሩ፣

ሰላም ነህ ወይ? ቅጹ ደርሶኛል፤ ፋይል ገብቷል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ሁለቱንም ሆኜ ይኸው ሠላሳ ዓመት አንድ ቤት ተቀምጫለሁ።

አዎ፣ ስብሰባው ላይ ስሜን ልትጠራ ትችላለህ። ብቻ አታጋንን።

ዛሬ የምጽፍልህ ለማስቸገር ነው። ከዚህ በታች ባለው መንገድ ላይ ሱቅ ያላት ልብስ ሰፊ መጣችብኝ። የደወሏ ልጅ ናት። ደወሏ የምንላት ሁለት መቶ ማሽን እየጮኸ ድምፅዋ ከዳር እስከ ዳር የሚሰማ ሠራተኛ ነበረች። ሰው ሲታመም፣ እጅ ማሽን ሲይዘው፣ ፈረቃ ሲያልቅ እሷ ነበረች የምትጠራው። አምና ሞተች። ልጅቷ ፎቶ አላት፣ ድምፅ ግን የላትም። «እናቴ እናንተ ጋ አለች ይባላል» አለችኝ። አዎ አለች አልኳት። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ፣ እያሳቀች እያስለቀሰች። ስገለብጣት እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ መሐረብ አውጥቻለሁ።

ጥር ላይ የቀድሞ ሠራተኞች ይሰበሰባሉና ልጅቷ በዚያ ቀን ልታሰማቸው ፈልጋለች። ደወሏ ስድስተኛው ዲስክ ላይ ናት። ካሴቱ ከሣጥኑ ጋር ተጥሏል። የኔ ኮምፒውተር ደግሞ ጠባብ ስለሆነ አዲስ ለመቅዳት የፊተኞቹን አጥፍቻለሁ። እሷን ብቻ ገልብጠህ ትልክልኛለህ? ላንተ የአምስት ደቂቃ ሥራ መሆኑን ባውቅም ሥራ ላይ ሥራ ስጨምርብህ ደስ አይለኝም።

ልጅቷን «ታኅሣሥ ሳይገባ ነይ» ብያታለሁ።

የሙዚየሙ ሴትዮ


ኅዳር 27

ለተከበሩ እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርዱ እንዴት ይዞዎታል? ሙዚየሙስ፣ ጎብኚውስ? ብስክሌት ጠጋኙ ደኅና ነው? እዚህ ሁላችንም ደኅና ነን። እናቴ ስለ እርስዎ ሁልጊዜ ታነሣለች፤ ሰላምታ አቅርብልኝ ብላለች። ዳይሬክተሯም ሰላም ብላዎታለች። የኛ ከተማ አቧራ በዚህ ወር ጉድ ነው፤ መስኮት ከፍቶ መቀመጥ አልተቻለም። የጽዳት ሠራተኛዋ በቀን ሁለት ጊዜ ትወለውላለች፤ እሷም ሰላም ብላለች።

ስለ ደወሏ የጻፉልኝ ደርሶኛል። ትንሽ ይታገሡኝ። ማከማቻውን ወደ አዲስ ክፍል እያዛወርን ስለሆነ ነገሩ ሁሉ ሣጥን ውስጥ ነው። ቁልፉም አንድ ሰው ጋ ነው፤ ሰውየው ደግሞ ፈቃድ ወጥቷል።

በተለየ ወረቀት አራት ጥያቄ ልኬያለሁ። ለመረጃ ያህል ነው፤ ሁሉንም ቤቶች እየጠየቅን ነው። በተቻለ ፍጥነት ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ደግሞ እስከ ስብሰባው ድረስ ምንም ካሴት ባይጣል ጥሩ ነው። ለዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ ይንገሩልኝ። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ አስረዳለሁ።

አክባሪዎ፣
ባለሰርቨሩ


ታኅሣሥ 6

ለባለሰርቨሩ፣

ደብዳቤህ አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ አንዱ ገጽ ሰላምታ። ለጽዳት ሠራተኛዋም አጸፋውን አድርስልኝ።

ጥያቄዎችህን ልመልስ። አንደኛው፣ ኮምፒውተሩ ያው ሥልጠናው ላይ የተሰጠን ነው፤ አልተቀየረም። ሁለተኛው፣ አዎ፣ ስቀዳ ስክሪኑን አያለሁ። መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ በኋላ ተስተካከለ። ሦስተኛው ጥያቄህ አሳቀኝ። ማዳመጫዬን የት እንደምሰካ ምን አስጨነቀህ? ሁለት ዲስክ እስክጨርስ ኮምፒውተሩ ላይ ነበር የምሰካው። ገመዱ አጭር ስለሆነ አንገቴን አጣመመኝ። ከዚያ በኋላ ቴፑ ራሱ ላይ እየሰካሁ በሰላም ተቀምጬ እሰማለሁ፤ ድምፁም ይጠራል። አራተኛው፣ አይ፣ ከቀዳሁ በኋላ መልሼ አልሰማም። አንድ ጊዜ ሙሉውን ሰምቼው የለ? ሁለተኛውን ጆሮ የምታውሰኝ አንተ ነህ።

የዕቃ ግምጃ ቤቱን ሰውዬ ጠየቅኩት። ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ያሉት ሣጥኖች በክረምቱ ተጭነው ሄደዋል። ከዘጠነኛው ወዲህ ያሉትን «ነገ ነገ» ሲል ሳይጥላቸው ቆይቷል። ስንፍናውን በሪፖርት ልጽፍበት ነበር፤ አሁን የምመሰክርለት ሳይሆን አይቀርም።

ልብስ ሰፊዋ ሁለት ጊዜ መጥታ ሄደች። ቁልፉ ፈቃድ ወጥቷል ልበላት? እኔ ሕፃን አይደለሁም። አንድ ነገር ደብቀኸኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ደግሞ ደጋግመህ ደውለህልኝ ነበር፤ አላነሣሁትም። በስልክ የተባለ ነገር መዝገብ ቤት አይገባም። ጻፈው።

የሙዚየሙ ሴትዮ


ታኅሣሥ 15

ለእትዬ፣

እጽፋለሁ። ይቅርታዎን አስቀድሜ እለምናለሁ።

ከሦስተኛው እስከ አሥራ አንደኛው ዲስክ ያለው ድምፅ የለም። ፋይሎቹ አሉ፣ ስማቸው አለ፣ ርዝመታቸው አለ፤ ሲከፈቱ ግን ዝምታ ነው። ደወሏም እንደዚያው ናት። ጥፋቱ የኛ ነው። ክረምት ላይ ማቀዝቀዣው ሲበላሽ ማከማቻው ጋለና ጎዳው። ስረከባቸው ሰምቻቸዋለሁ፤ ያኔ ደኅና ነበሩ። ለአለቆችዎ በዚሁ መልክ ሪፖርት ያድርጉ፤ እኔም እዚህ እንዲሁ እላለሁ።

እርስዎ የሠሩት ሥራ ምንም እንከን የለበትም። በያዙት መንገድ ይቀጥሉ። አንድ ነገር ብቻ፤ የጆሮ ሐኪም የሆነ ጓደኛዬ ማዳመጫ በቀጥታ ከቴፕ ጋር መሰካት ጆሮ ይጎዳል ይላል። ለጤናዎ ሲሉ ኮምፒውተሩ ላይ ቢሰኩት መልካም ነው። ረጅም ገመድ ልኬልዎታለሁ።

ለልጅቷ ምን እንደሚነገራት አላውቅም። ከፈለጉ እኔ መጥቼ ልንገራት።

ባለሰርቨሩ


ታኅሣሥ 24

የጆሮ ሐኪም ጓደኛ ላለው ሰው፣

ምክርህን ሳነብ ሳቅኩ። «ደግሞ ስለ ጆሮዬ ማሰብ ጀመረ» ብዬ ገመዱን ልቀይር ተነሣሁ። ከዚያ ቁጭ አልኩ። አንድ ሰው ይህን ያህል ጥፋት እየተናዘዘ ስለ ሴትዮ ጆሮ ጤና የሚጽፍበት ምን ምክንያት አለው?

አሥራ ሁለተኛው ዲስክ ገና እኔ ጋ ነው። አንተ ጋ አልሄደም፣ ማቀዝቀዣህን አላየም። ከፈትኩት። የመጀመሪያዋን ሴት አጫወትኳት። ምንም የለም። ምናልባት ከመሐል ይጀምር ይሆናል ብዬ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ጠበቅኩ። ከዚያ ቴፑን አስነሥቼ ማዳመጫዬን ነቀልኩት። ስክሪኑ ላይ ያ ቀጥ ያለ መስመር ተንቀጠቀጠ። መልሼ ሰካሁት፤ ቀጥ አለ። ይህ ቴፕ ማዳመጫ ሲሰካበት ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደውን ድምፅ ይዘጋል። አሥር ወር ሙሉ እኔ ብቻዬን ስሰማ፣ ኮምፒውተሩ ዝምታ ሲቀዳ ነበር። መስመሩ ቀጥ ማለቱን እኔ የደኅንነት ምልክት አድርጌዋለሁ። ካሴቶቹን ያስጣልኳቸው እኔ ነኝ።

አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ፤ መጀመሪያ በራሴ፣ ቀጥሎ ባንተ።

አንተ ይህን ታውቅ ነበር። ሦስተኛው ጥያቄህ ለሱ ነው። ከሐኪም ጀርባ ተደብቀህ ልታርመኝ ፈለግህ። ገመዱ እንደ ፊተኛው አጭር ቢሆንስ ኖሮ? ጆሮዬ ደኅና ነው ብዬ ብተወውስ? የቀሩትን ስልሳ ካሴቶች እንዲሁ በዝምታ ቀድቼ፣ ተመርቄ፣ ጡረታ እወጣ ነበር። እንኳን ለአንተ ለእኔም ሊጠቅመኝ የማይችል ውሸት ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ ያንተው ዘጠኝ ቀን አልሞላውም።

አሁን ደግሞ የራስህን ንገረኝ። ስትረከብ «ሰምቻቸዋለሁ» ብለሃል። ዝምታ የተቀዳ ዲስክ ላይ ምን ሰማህ? ዘጠኝ ጊዜ «ፈትሼ» ብለህ ፈርመሃል። ዘጠኙም ቅጽ ፊቴ ተደርድሯል።

ይቅርታ ገና አልጠይቅህም፤ አንተም አትጠይቀኝ። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ጉልበቴ መንገዱን ስለማይችል አልመጣም፤ ስብሰባው ላይ ይህን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አንብብላቸው። የኔንም ስሕተት፣ ያንተንም። ይፍረስ ካሉ እውነቱን ሰምተው ይፍረስ።

የሙዚየሙ ሴትዮ


ጥር 9

ለእትዬ፣

አነበብኩት።

በመጀመሪያ ግን ለጠየቁኝ ልመልስ። ምንም አልሰማሁም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዲስኮች ከፍቼ ሰምቻለሁ፤ ጥሩ ነበሩ። ሦስተኛው ሲመጣ፣ ያ የእጅ ጽሑፍ፣ ያ ጨርቅ፣ ውስጡ ደግሞ «ልጄ፣ ብርድ ልብስህን እንዳትረሳ» የሚል ደብዳቤ። እናት የላከችውን ዕቃ እየፈታተሹ መቀበል ነውር መሰለኝ። እርስዎን ያላመንኩ መሰለኝ። ፈርሜ ማከማቻው ውስጥ አስገባሁት። ከዚያ በኋላ ያለው በልማድ ነው። ደወሏን ስፈልግ ነው ጉዱን ያየሁት። የማዳመጫዎ ነገር ሲገባኝ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የሠራች ሴትዮ ይህን በኔ አፍ ከምትሰማ ማቀዝቀዣው ይሸከመው አልኩ። ማቀዝቀዣው በእርግጥ ተበላሽቶ ያውቃል፤ በዚያ ወር ግን ደኅና ነበር።

ስብሰባው ላይ አሥራ አንድ ሰው ነበር። «የጆሮ ሐኪም» የሚለው ጋ ስደርስ የቴአትር ቤቷ ሴት ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ስጨርስ ዳይሬክተሯ ወደ ቴአትር ቤቷ ሴት ዞራ «እናንተስ የሬዲዮውን ቅጂ ከፍታችሁ ታውቃላችሁ?» አለቻት። «የሰው ሣጥን እንዴት እንከፍታለን?» አለች። ሬዲዮውም የኛን ከፍቶ አያውቅም። ዳይሬክተሯ መነጽርዋን አውልቃ «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው» አለች። እዚያው ስብሰባ ላይ ሁሉም ወደየቤቱ ደውሎ አስከፈተ። ከሬዲዮው ሣጥን ግማሹ አልከፈት አለ። የኛም ቤት ዲስክ አንዱ ባዶ ሆኖ ተገኘ። እርስዎ ጋ ያለው የቴአትር ቤቱ ቅጂ እንዴት ነው? ይክፈቱት፣ እባክዎ፤ ሴትዮዋ እንቅልፍ አጥታለች።

ስምምነቱ አልፈረሰም። የሚፈርሰው እያንዳንዱ ቤት የራሱን ብቻውን መጠበቅ ቢችል ነበር። እያንዳንዱ ቤት በወር ሁለት ሙሉ ቀን አንድ ሰው መድቦ የሌላውን ቤት ሣጥን ይሰማል፣ ያያል፤ ጉድለቱን በጽሑፍ ለባለቤቱ ይነግራል። ዳይሬክተሯ ለኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፋ፣ በዚያው እጇ የመጀመሪያውን የመስሚያ ቀን በራሷ ስም አስመዘገበች።

በጡረታ ለቆ የሄደው የሬዲዮው ቴክኒሻን ያልተጣሉትን ሣጥኖች እንዲልኩለት ይለምናል። ክራቸው የሚያራግፍ ካሴቶችን በዝግታ አሙቆ የማናገር ልምድ አለው። ተስፋ አይቁረጡ ብሏል፣ ብዙም ተስፋ አያድርጉ ብሏል።

አሁን ይቅርታ ልጠይቅዎ?

ባለሰርቨሩ


የካቲት 12

ለባለሰርቨሩ፣

ጠይቀሃል፣ ተቀብያለሁ። የኔንም ተቀበል። ነገሩ በዚህ ይዘጋ።

የቴአትር ቤቱ ቅጂ ደኅና ነው በላት። አራት ቀን ተቀምጬ አየሁት። አንድ ተዋናይ መድረክ ላይ ጢሙ ሲወድቅበት የሚያሳይ አለ፤ ስሙን አልናገርም።

ቴክኒሻኑ ከላክሁለት ሠላሳ ስድስት ካሴት ሃያ ሁለቱን አናግሯል። እጁን እግዜር ይባርከው። የተጣሉት ግን ተጥለዋል። ሰባ ሁለት ካሴት፣ ሃምሳ አንድ ሴት። ስማቸውን ይዤ ከቤት ቤት ዞርኩ። አሥራ ዘጠኙ በሕይወት አሉ። በየደጁ የምለው አንድ ነው፤ «ድምፅሽን አደራ ብለሽኝ ነበር፣ አጥፍቼዋለሁ፣ እንደገና ንገሪኝ»። አንዷ በሩን ዘጋችብኝ፤ እውነቷን ነው። አንዷ ደግሞ «ያኔ የነገርኩሽን እንኳን ጠፋ፤ ባሌ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። አሁን እውነቱን ልንገርሽ» ብላ ሦስት ሰዓት አወራች።

ስለ ልብስ ሰፊዋ ጠይቀሃል። አንተ እንድትመጣ አልፈለግኩም፤ የኔ ሥራ ነበር። ሱቋ ሄድኩ። የልጅ ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር። ነገርኳት። የስፌት መኪናውን ፔዳል ለቀቀችና «እንግዲያው እናቴን ሁለት ጊዜ ቀበርኳት» አለች። ወደ ስፌቷ ስትመለስ ወጣሁ። የጥር ወሩን የሠራተኞች ስብሰባም አልሄድኩም፤ አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

ባለፈው ሳምንት በሩ ተንኳኳ። እሷ ናት። ከትከሻዋ ላይ ሜትሯን እንኳን አላወረደችም። «እናቴ የፋብሪካውን ታሪክ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት አውርታዋለች፤ እንዴት እንደምትለው አውቃለሁ። ቅጂኝ» አለች። ተቀመጠች። ጀመረች። አንተ ልጅ፣ የእናቷን ድምፅ ያህል አይሆንም፤ ግን አነጋገሯ፣ ስትቆጣ ምላሷን የምትመታበት፣ ሁሉም አለ። ስንጨርስ ኮምፒውተሩ ላይ መልሰን አብረን ሰማነው። የራሷን ድምፅ ስትሰማ «እኔ ነኝ እንዲህ የምመስለው?» ብላ አፍዋን ያዘች።

አሥራ ሁለተኛው ዲስክ ገና ካልተጫወቱት ካሴቶች እንደ አዲስ ተሠርቶ ይኸው። በተራ ካርቶን ነው ያሸግኩት፣ ያለ ጨርቅ። ልጅቷ መጀመሪያ ላይ ናት። ሰምቼዋለሁ፤ ደኅና ነው።

እህትህ፣
የሙዚየሙ ሴትዮ


መጋቢት 1

ለእትዬ፣

ዲስኩን አልተረከብኩም። ቅጹን ሳልፈርም መልሼ ልኬያለሁ።

አሥሩ ካሴቶች ጥሩ ናቸው። ሰባተኛዋ ሴት መጨረሻ ላይ ትንሽ ትርቃለች፣ ግን ትሰማለች። ችግሩ ልብስ ሰፊዋ ላይ ነው። አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ ፎርማኑ ፈረቃ ሳያልቅ እንዳይወጡ ብሎ በሩን ከውጭ ቆልፎ የሄደበትን ቀን ትናገራለች። ከጥጡ ክፍል ጭስ ይሸታል። ደወሏ ማሽኖቹን ሁሉ ታስቆማለች፣ በሩን በብረት ታስገነጥላለች፣ አንድም ሴት ሳትጎዳ ሁሉም ግቢው ውስጥ ይቆማሉ። ፎርማኑ እየሮጠ ይመጣና «በማን ትእዛዝ ነው ያቆምሽው?» ይላታል። ልክ በዚያ ቅጽበት በመንገዱ ላይ ከባድ መኪና ያልፋል። ሃያ ሰከንድ ያህል ሞተር ብቻ ነው የሚሰማው። መኪናው ሲያልፍ ልጅቷ እየሳቀች ናት፣ እርስዎም ከኋላ እየሳቁ ነው፣ ወሬው ሌላ ቦታ ደርሷል።

እርስዎ ታሪኩን ስለሚያውቁት ጆሮዎ ሞልቶት አልፏል። እኔ አላውቀውም። ድምፁን ከፍ አደረግኩ፣ ዝቅ አደረግኩ፣ ሞተሩን ለመቀነስ ሞከርኩ፤ አልሆነም። ዳይሬክተሯ የመስሚያ ቀኗ ስለነበር አጠገቤ ተቀምጣ ሦስት ጊዜ አስመለሰችኝ፤ የጽዳት ሠራተኛዋም መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ላይ ቀረች። ሦስታችንም አልሰማነውም።

ልብስ ሰፊዋን ይጥሩልኝ፣ መስኮቱን ይዝጉ፣ ያንን ቦታ ትድገመው። ሥራ ላይ ሥራ እንደጨመርኩብዎ አውቃለሁ። እናቷ ለፎርማኑ ምን ብላ እንደመለሰችለት ሳልሰማ ግን አልፈርምም።

ባለሰርቨሩ